የጠጉር አስተካካዩ ማጅራት

አርባ ዓመት የሰው ጠጉር ሳስተካክል የኖርሁ ሰው ነኝ። በሙያችን «ምላጭ ቢስል የጌታውን ማጅራት አይላጭም» ይባላል። የእኔን ማጅራት ታስተካክልልኝ የነበረችው ባለቤቴ ነበረች። እሑድ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት፣ በመስኮቱ አጠገብ ታስቀምጠኝና «አትነቃነቅ፣ አንተ ሽማግሌ! ጆሮህን ብቆርጠው ሌላ አላበቅልልህም» ትለኝ ነበር።

እርሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ራሴን አጎንብሼ መስጠት አልሆነልኝም። የደረስሁበትን ያህል በመቀስ እየቀነጠብሁ፣ የቀረውን በሻርፕ ሸፍኜ፣ በቤተ ክርስቲያንም ከኋላ ወንበር እቀመጥ ጀመር።

ሱቄንም ዘጋሁ። እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጧሪ የሌላቸው ሕመምተኞች ወደሚኖሩበት ቤት እየሄድሁ ጢማቸውን እላጭላቸው ነበር። እግዚአብሔርን ማገልገል ይህ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ወደ ክፍሌ ስመለስ ባዶነቱ ቀድሞኝ ገብቶ ይጠብቀኛል። ሰጥቼ እመለሳለሁ፣ ልቤ ግን አይሞላም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ የምነግረውም ሰው አልነበረኝም።

ከሕመምተኞቹ አንዱ ቀኝ ጎኑ የማይታዘዝለት አናጺ ነበር። ምላሱ እንደ መጋዝ ነው። አንድ ቅዳሜ ፎጣውን በአንገቱ ሳስር በግራ እጁ ሻርፔን ጨበጠ።

«ይህን አውልቅ እስቲ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ጎንበስ ስትል አይቼሃለሁ። ማጅራትህን ዳዋ ውጦታል። መቀሱን ስጠኝና ላስተካክልልህ።»

ሳቅሁ። «በግራ እጅህ? በል ዝም ብለህ ተላጭ።»

እርሱ አልሳቀም። «አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጎርሱኛል፣ ያጥቡኛል፣ አንተም ትላጨኛለህ። ከዚህ አልጋ ለሰው የወጣ አንድ ነገር የለም። የእኔን እጅ ከናቅህ የአንተም አይንካኝ!»

ፎጣውን ገፍፎ ወረወረው። የቤቱ አስታማሚ ደርሳ «ተዉት አባባ፣ ሆድ ብሶት ነው» አለችኝ። ተውሁት። በሚቀጥለው ሳምንትም በሦስተኛውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። ጢሙ አደገ።

ማንበብ የተማርሁት በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከሳሙና ካርቶን ላይ ፊደል እየለቀምሁ ነው። ስለዚህ ወንጌልን የማነበው በጣቴ እየተከተልሁ፣ እንደሚያነክስ መንገደኛ ነው። በዚያ ሳምንት ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበበት ስፍራ ደረስሁ። ወትሮ ራሴን የማየው ውሃውን በያዘው ወገን ነበር። ያን ቀን ግን ጣቴ፣ እግሬን አታጥብም ብሎ በተከራከረው ሰው ላይ ቆመ፤ ከዚያ ማለፍም አቃተኝ። ሻዬ በረደ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቆሜ ስሰጥ እንጂ ተቀምጬ ስቀበል ማን አይቶኝ ያውቃል?

ቅዳሜ ሻርፔን አውልቄ፣ ወንበር ወደ አልጋው ጠርዝ አስጠግቼ፣ ለአናጺው ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። መቀሱን በግራ እጁ አስያዝሁት። መቀሱ ግን አልነካኝም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

«እንጨቱን ሳላጠና ቆርጬ አላውቅም።»

እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክንዱን በትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ክንድ በትከሻዬ ላይ አርፎ አያውቅም ነበር። መቀሱ በዝግታ ሄደ፤ አንድ ጊዜም ቆዳዬን ነከሰኝ።

«ደማህ?»

«ትንሽ።»

«ቀጥ በላ! እንጨት እንኳ ከአንተ ይሻላል፤ አይነቃነቅም።»

የምነቃነቀው እያለቀስሁ ስለ ነበር ነው። ያወቀ መሰለኝ፤ መቀሱን አቁሞ እስክረጋ ጠበቀኝ። ሲጨርስ ብሩሹን በሳሙና አራስሁ፤ እርሱም ሳልጠይቀው አገጩን ቀና አደረገልኝ።

ስመለስ ሻርፑ በኪሴ ነበር፤ ነፋሱም ማጅራቴን ነካኝ። ክፍሌ ያው ክፍሌ ነበረች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ የሚጠብቀኝም ሰው የለም። ቁርጡ ጠማማ መሆኑን በጣቴ ዳስሼ አወቅሁ። መቀሱ ከእጄ አጠገብ ነበር፤ አላቃናሁትም።

እሑድ ጠዋት ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ።