ከውሃ የወጣው ወለል

«እማማ፣ የጠፋብዎትን ይንገሩኝና አብረን እንፈልግ» አለ ከመከለያው ገመድ ማዶ የቆመው አዲሱ የፓርኩ ጥበቃ።

«ምንም አልጠፋብኝም» አሉት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ መጥረጊያቸውን ሳያሳርፉ።

ግድቡ ተሠርቶ ሐይቁ ሲሞላ ቤታቸው ውሃ ውስጥ ቀርቷል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የድንጋይ ወለሉ ብቅ ይላል፤ እሳቸውም በየዓመቱ መጥተው ጭቃውን ይጠርጋሉ። ባልዲ ተሸካሚ እኔ ነኝ፤ እሳቸውን እምቢ ማለት የሚችል ወንድ ገና አልተወለደም።

ጥበቃው ነገሩ ሲገባው ፊቱን አኮሳተረ። «ከገመዱ ማለፍ ክልክል ነው! አሁኑኑ ካልወጡ ሁለተኛ ፓርኩን አይረግጡም!» እያለ ጭቃውን ረግጦ መጥቶ ወለሉ ላይ አጠገባችን ቆመ።

እኔ ባልዲዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን ጫማውን ቁልቁል አዩት።

«አንተስ ማንን አስፈቅደህ ነው በዚህ ጭቃ ሳሎኔ የገባኸው?»