አጥር የሌለው ጓሮ

አናጢው ዕድሜውን ሙሉ የሰው አጥር ሲያጥር ኖሯል፤ የራሱ ጓሮ ግን አጥር የለውም። ጎረቤቶቹ መሬታቸውን ለአንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ ሸጠው ሲሄዱ እሱ እምቢ አለ። ከጫካው ወደ ወንዙ ለሚወርዱት ድኩላዎች የቀራቸው መተላለፊያ የእሱ ጓሮ ብቻ ነበር። ሟች ሚስቱ ከጓዳው መስኮት እነሱን ስትመለከት ሻይዋ ይቀዘቅዝባት ነበር። «እኔንም እንዲህ እንድታዪኝ ቀንድ ላብቅል እንዴ?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ግንባታውን ሲፈቅድ ጓሮው ለድኩላዎቹ መተላለፊያ እንዲተው ተስማማ፤ ሆኖም ክረምት እስኪገባ ድኩላ ካላለፈበት እሱም ሊታጠር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ባለሙያ ነገሩን ሳታለሳልስ ነገረችው።

«አባባ፣ አጥር አይኖርም፤ የውጭ መብራት አይኖርም። ውሻውም መሄድ አለበት።»

«ውሻው እኮ የሚስቴ ነው።»

«ይገባኛል። ግን እሱ እያለ አያልፉም።»

ምን ያድርግ? ሻለቃ የሚሉትን ውሻ ከተማ ላለችው ልጁ ሰጠ። ቤቱ ጭር አለ። ቁርሱን ሲበላ የሚቁለጨለጭበት የለም፤ እጁ ግን ለምዶበት የዳቦውን ጫፍ ይቆርሳል። ብቸኝነት ይለመዳል የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ድኩላም አልመጣም። የግንባታው ሠራተኞች «ዘበኛው» የሚል ስም አወጡለት።

አንድ ማለዳ በሩ ተቧጨረ። ሻለቃ ከልጁ ቤት ጠፍቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቷል። አናጢው ግን ጨከነ። «ሂድ! ዞር በል ከዚህ!» ብሎ ጫማውን አውልቆ ወረወረበት። ውሻው ሮጦ ጫማውን በአፉ አነሣና ጅራቱን እየቆላ እግሩ ሥር አስቀመጠለት። ሚስቱ ያስተማረችው ጨዋታ ነበር፤ እንዴት ረሳው? ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የውሻውን አንገት አቅፎ አለቀሰ።

ከዚያ ልጁ ጋ ደወለ።

«እዚህ ነው ያለው፤ ነይና ውሰጂው።»

«አባዬ፣ አንተም አብረህ ና። ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

«እንግዳ እጠብቃለሁ።» የሻለቃን ራስ እየዳበሰ «ጫማዬንም ትወስጂለታለሽ» አላት።

ደመናው መክበድ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት እርጥቡ አፈር ላይ ወደ ወንዙ የሚወርድ ኮቴ አገኘ። የእናት ነው፤ አጠገቡም የግልገል። በደስታ ወደ ጓዳው መስኮት ዞሮ «ነይ እዪ! ግልገሏን ይዛ አለፈች!» ብሎ ተጣራ።

መስኮቱ ዝግ ነው። ስልኩን አውጥቶ ለባለሙያዋ ደወለ።

«ልጄ፣ አልፈዋል። ዛሬውኑ ነይ እዪ፤ አንድ ሰው እንኳ ይይልኝ።»