ገመድ ላይ የተሰጡት መንኮራኩሮች

የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ሲቃረብ ባለቤቴ ዝላታ ቤቱን ታጥባለች። መስኮት፣ ግድግዳ፣ የበር እጀታ ሳይቀር። ቅዱሱ ቆሻሻ ቤት አይገባም ትላለች። ዘንድሮ ቤቱ አልቆባት ወደ ዓሣው ቤት ተሻገረች።

ዓሣው ቤት የምራቴ የዴሳንካ ነው። ልጄ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዓሣ እርባታው ነው። ውስጡ ይሞቃል፤ ጉም አይጠፋውም። ውሃው ካርፕ ከሚባሉት ዓሦች ገንዳ ይወጣል፣ በትልቅ በርሜል ያልፋል፣ ይመለሳል። ክረምቱን ሙሉ የሚዞረው ያው ውሃ ነው። በርሜሉ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ የፕላስቲክ መንኮራኩሮች ይዋኛሉ፤ ቡናማ ልጋግ ለብሰዋል። ልጋጉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ከዓሣው የሚወጣውን መርዝ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እዚያ ተቀምጬ የውሃውን ድምፅ ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንዳንዴ ልጄ በውሃው ውስጥ ሲራመድ አያለሁ።

እኔና ዴሳንካ ለበዓሉ የሚሆነውን ዓሣ ልንሸጥ ገበያ ዋልን። ገንዳው ውስጥ የቀሩት ለእርባታ የምታስቀራቸው እናት ዓሦች ብቻ ነበሩ። ስንመለስ መንኮራኩሮቹ በሽንኩርት ከረጢት ተሞልተው የልብስ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። እንደ ጥርስ ነጭ ነበሩ።

«እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«በበረኪና አጠብኩልሽ። እንዴት ያለ ዝቃጭ ነው! እንግዳ ቢያይ ምን ይላል?»

«ገደሏቸው እኮ!»

«ማንን?»

የማይታይ ሬሳ ማሳየት ይከብዳል።

ዴሳንካ መርዙ እንዳይበዛ የዓሦቹን ምግብ አቋረጠች። ከጉድጓድ እየቀዳች ጨመረች፤ ግን የጉድጓዱ ውሃ በረዶ ነው፣ ብዙ አይጨመርም። በማግስቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ እናቶቹ ወደ ላይ መጡ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በጉሙ ውስጥ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር።

«ሕይወት ያለው ልጋግ ባገኝ ይተርፉ ነበር፣ አባባ» አለችኝ። «ስቬቶዛር ጋ ሞልቷል።»

ስቬቶዛር ከአጥር ማዶ ዓሣ ያረባል። ዝላታ ፍሬው ግቢዬን አቆሸሸ ብላ የእንጆሪ ዛፉን ካስቆረጠችበት ወዲህ ሰላምታ የለንም።

«ከዚያ ሰውዬ ቤትማ ጭቃም አልቀበል!» አለች ዝላታ።

ዴሳንካ ግን ሄዳ አንኳኳች። የመለሰላት ውሻው ብቻ ነበር። ሰውየው ወደ ዳኑብ ወንዝ ወርዷል።

በበዓሉ ጠዋት ሻማው በርቶ፣ ንፍሮው ቀርቦ ነበር። ለዚህ በዓል ማንም አይጠራም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። በሩን የሞላው ስቬቶዛር ነበር። ጀርባው ላይ ከረጢት ተሸክሟል።

«እንኳን አደረሳችሁ! ማታ ስመለስ ገመዳችሁን አየሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝላታ፣ ዛሬ እንኳ ልታባርሪኝ አትችይም።»

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ቆሻሻ። የበርሜሌን ግማሽ።»

ከረጢቱ ያንጠባጥባል። ቡናማው ውሃ ባጠበችው ወለል ላይ ፈሰሰ። ዝላታ ወለሉን አየች። ዴሳንካን አየች። ከዚያ ከረጢቱን ነጥቃ እንደ ሕፃን ታቀፈችው፤ በበዓል ቀሚሷ ወደ ዓሣው ቤት ሮጠች።

«እንዳታጥቢው ብቻ!» ብሎ ጮኸባት።

ከረጢቱ በርሜሉ ውስጥ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ ገንዳው አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቶቹ ተረጋግተው እየዋኙ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ውሃው ይዞራል፤ ዓይኔ ከበደ። ልጄ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆመ።

ስነቃ ዝላታ አጠገቤ ነበረች። ደረቷ ላይ ልጋጉ ደርቋል። አልጠረገችውም።