የጉድጓዱ ወገን ግድግዳ

ግድግዳው እንደገና ቀጭ ሲል የወርቅውሃ ቀና አለች።

ከሷ በቀር የሰማ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ደግሞ ጀርባቸውን ለዚያው ግድግዳ ሰጥተው በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት አሉ» ትላለች አንዷ። «ሆስፒታል ሲያደርሱት ሰው አይለይም ነበር።»

የወርቅውሃ ባሏን ምንውየለትን የቀበረችው ትናንት ነው። ትናንት ከመስኮቱ ሥር የነበረው ስንጥቅ ክር ያህል ነበር፤ አሁን ጣት ያስገባል።

«እትዬ፣ እዚያ አይደገፉ፤ ወደዚህ ይጠጉ» አለች ለአንዲት አዛውንት።

«ተመችቶኛል ልጄ። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ።»

ይህ ረጅም የብሎኬት ቤት ሦስት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራል። መሐሉ ላይ ኮከብ፣ በወዲያኛው ጫፍ ፈየራ የሚባል የባምባሲ ሰው፣ በዚህኛው ጫፍ የወርቅውሃና ምንውየለት። ጣሪያው ካረጀ ቆይቷል። አሶሳ ላይ ክረምት ሲገባ በሦስቱም ቤት ባልዲ ይደቀናል። አንዱ የራሱን ቢጠግን ውሃው በጎረቤቱ በኩል ዞሮ ይገባበታል፤ አንድ ላይ እንጠግን ሲባል ደግሞ ሁሌም ለአንዱ አይመቸውም።

አምና አልአሚን የሚባል የሆሞሻ ነጋዴ ከነየወርቅውሃ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ገዛ። ፎቅ ሊሠራ ነው። ሦስቱን ሰብስቦ፣ «የኔ ቁፋሮ እስከ ግድግዳችሁ ይምጣ። እኔ ጣሪያ በሙሉ በአዲስ ቆርቆሮ ይቀይርላችኋል» አላቸው በተሰባበረ አማርኛው። ኮከብ እልል አለች። ፈየራ እጁን ጨበጠው። ምንውየለት ብቻ እምቢ አለ። ለምን ሲሉት፣ «ከግድግዳዬ ይራቅ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

አልአሚን ሌላውን ሁሉ ቆፍሮ ግድግዳው ሥር ያለችውን ጠባብ አፈር ተወ። ምንውየለት በየማለዳው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እየቆመ ሠራተኞቹን ይቆጣ ነበር። «ዘበኛው መጣ» እያሉ ይስቁበታል። ጎረቤቶቹ ሰላምታ ነሱት። የአልአሚንና የሱ ነገርማ ዓይን ለዓይን አለመተያየት ላይ ደረሰ።

ኮከብ ከየወርቅውሃ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ፈየራ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች ኮከብ ዝቅ ብላ። «ግን ክረምቱ ገባ። ነፍሱን ይማረውና እልኸኛ ነበር። አሁን ቃሉ ያንቺ ነው። ያችን የቀረችውን አፈር ይቆፍራት በዪው፤ ጣሪያችን ይለወጥልን።»

የወርቅውሃ ትክ ብላ አየቻት። ዓመት ሙሉ ምንውየለት «እንዴት አደርሽ» ሲላት ፊቷን ወደ ልብስ ማስጫው የምታዞር ሴት ናት። አሁን ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ለቅሶው የውሸት አልነበረም። የወርቅውሃን ያበገናት እሱ ነው።

«ሬሳውን እንዲህ ታለቅሺለታለሽ፤ በቁሙ ግን አንዲት ሰላምታ ነፈግሽው» አለቻት።

ኮከብ አቀረቀረች። ፈየራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምክንያቱን ቢነግረን ኖሮ እኮ...»

ቀጭ።

በዚህ ጊዜ ፈየራም ሰማ። ኮፍያው በእጁ ላይ ቆመ።

የወርቅውሃ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮ በር ወጣች። ከቀርከሃው አጥር ማዶ ጉድጓዱ በቀይ ውሃ ተሞልቷል። ሌላ ቀን ውሃውን የሚስበው ሞተር ሲያጓራ ይውላል፤ አልአሚን ግን ለለቅሶው ክብር ብሎ ሠራተኞቹን አሰናብቷል፣ ሞተሩንም አጥፍቷል። ውሃው የቀረችውን አፈር ከሥሯ እየበላት ነው። ዓይኗ እያየ አንድ ጉማጅ አፈር ተገምሶ ገባ።

ስለዚህ ድምፅ ምንውየለት ነግሯታል። አሶሳ ሳይመጡ፣ ቡለን ወረዳ ሳሉ፣ እሱና ታናሽ ወንድሙ ነብዩ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ላይ ሆኖ ገመድ የያዘው እሱ ነበር። ቀጭ የሚል ነገር ሰማ፤ ምን እንደሆነ አላወቀም። ቀጥሎ ገመዱ ከበደው። ሰው ደርሶ አፈሩን ሲያወጣ ነብዩ አልቆለት ነበር። አሶሳ ከመጡም በኋላ ምንውየለት ጉድጓድ በተቆፈረበት መንገድ አያልፍም። «ለነኮከብ ንገራቸው፤ ይረዱሃል» ስትለው አንድ ጊዜ ብቻ መልሶላታል። «በወንድሜ ሬሳ ልለምናቸው?» ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አላነሳችበትም።

ወንዶቹ የተቀመጡበት የለቅሶ ድንኳን ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። ወንዶቹ መሐል ገብታ አልአሚን ፊት ቆመች።

«አልአሚን፣ ሞተሩን አስነሳ። ሰዎችህንም ጥራ።»

አልአሚን ደንግጦ ተነሳ። «አይሆንም እህቴ። ለቅሶ አጠገብ ሞተር ዓይብ ነው፣ ነውር! ሰው ምን ይላል? ጠላቱ ሞተ፣ እሱ ሥራ ጀመረ ይላል።»

«ይበል። አፈሩ እየሄደ ነው። ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

«ኀዘኑ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ያዟትና አስቀምጧት።» አንድ ሰው ክንዷን ያዛት። አስለቀቀችው።

«ወንድሙን ጉድጓድ ነው የበላበት!» ብላ ጮኸች። «ገመዱን የያዘው እሱ ነበር። እልኸኛ ትሉታላችሁ፤ እልኸኛ አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። ለናንተም ነው የፈራው። ሴቶቹ እዚያ ግድግዳ ሥር ናቸው፣ አልአሚን!»

አልአሚን አፉን ከፍቶ ያያታል። «ለምን እኔን አልነገረም?» አለ፣ ለራሱ ያህል። ከዚያ ጀለቢያውን ሰብስቦ ወገቡ ላይ ቋጠረና ጮኸ። «ሴቶች አውጡ! ሁሉም ይውጣ!»

ፈየራ ቀድሞት ቤት ገብቷል። ሴቶቹ ነጠላና ጫማ እየተሻሙ ወጡ። አዛውንቷ፣ «ለቅሶ ረግጬ አልወጣም» ብለው ሲያስቸግሩ ኮከብ አቅፋ አነሳቻቸው። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሳ። ለቅሶ የመጡት ወንዶች ኮታቸውን እየጣሉ አልአሚን ለፎቁ ያከማቸውን ባሕር ዛፍ ተሸክመው ግድግዳውን ደገፉ፤ የቀሩት ድንጋይና አፈር ወደ ጉድጓዱ መለሱ። አልአሚን ራሱ ጭቃው ውስጥ ወገቡ ድረስ ቆሞ የድጋፉን ግንድ በትከሻው ይዟል። የወርቅውሃ ዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ «ውጣ! በቃህ፣ ውጣ!» እያለች ትጮኻለች። አልወጣም። በመጨረሻ ፈየራ ብብቱ ሥር ገብቶ ጎትቶ አወጣው።

ብዙም ሳይቆይ የጓዳው ማዕዘን ወደ ጉድጓዱ ተናደ። ሁለት ቆርቆሮ ተከትሎት ወረደ። የቀረው ግድግዳ በድጋፎቹ ላይ ተንጋድዶ ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ኮከብ መሬት ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ምንውየለት... ምንውየለት።»

አልአሚን ጭቃ እንደለበሰ ወደ የወርቅውሃ መጣ። «ግድግዳ እኔ ይሠራል። ያችን አፈር ማንም አይነካም። የኔ ቤት ይጥበብ፣ ምንም አይደለም።»

«ጣሪያው የኛ ነው» አለ ፈየራ ከኋላው። «እኛው ወጥተን እንጠግነዋለን።»

የወርቅውሃ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ጣሪያ አልነበረም የምታስበው። በተናደው ማዕዘን በኩል ጓዳዋ ለደጅ ተከፍቶ ይታያታል፤ መኝታቸው ላይ ዝናብ እየወረደ ነው። አልአሚን «ተይ፣ አትግቢ!» ሲላት በፊት ለፊቱ በር ገብታለች። አልጋውን ልትጎትተው ሞከረች፤ አልነቃነቅ አለ። ጥቁር ነጠላዋን ከላይዋ ገፈፈችና እሱ ይተኛበት የነበረውን ጎን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሸፈነችለት። ነጠላው ለሁለቱም ጎን አልበቃም፤ የራሷን ጎን ለዝናቡ ተወችው።