የኤልደን ፍሬተስ ግማሽ ውድድር

«ቀደምኩታ» አለ ሌስተር ቡን፣ የጎረሰውን ድንች ሳይውጥ። «አጠገቡ ነጎድኩ፤ ተስፋ ቆረጠና እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ይሄ ምኑ ነው የሚያስጠይቀው?»

ጋራዡ ውስጥ በታጣፊ ወንበር ላይ የተኮለኮሉት ሽማግሌዎች ሳቁ። ኤልደን ፍሬተስ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤት ያመጣው የመጋገሪያ ትሪ ቤቱን ስላጨናነቀው ናዲን፣ ሚስቱ፣ ወንዶቹን ወደ ጋራዡ አባራቸዋለች። እነሱም ደስ አላቸው። ቤከርስፊልድ ከተማ ውስጥ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚፈተለክበት የሩብ ማይል እሽቅድድም ነጂ ሲሞት የሚለቀስለት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የሚለቀስለትም በሳቅ ነው።

ያልሳቀው ሮይስ ማክኬልቪ ብቻ ነበር። የኤልደንን መኪና ሞተርም ፍሪሲዮንም የሠራው ሮይስ ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ሰባውን ተቆጥቶ ኖሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ቡን» አለ ትሬቨር። ትሬቨር የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ የጥንት ነጂዎችን ታሪክ እየለቀመ ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። «እርስዎና ኤልደን የተወዳደራችሁበትን ፊልም ከአንድ ሰው ቤት አግኝቼ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። እስከ ግማሹ ድረስ የሚመራው ኤልደን ነው። እየመራ ነው እግሩን ያነሳው። ከዚያ ቀን ወዲህም መኪናው ውስጥ አልገባም። ዓርብ ከመቀበሩ በፊት አንባቢዎቼ እውነቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። ሌላ የሚነግረኝ ሰው ካጣሁ ‹ፈርቶ ነበር› ብዬ ነው የምጽፈው።»

«አንተ ልጅ» አለ ሮይስ፣ «አንባቢዎችህ የራሳቸው ሟች የላቸውም?»

ዘመኑ እንዲህ ነው። የሟችን ኪስ መፈተሽ ታሪክ መጻፍ ተብሏል። የሞተ ሰው «አያገባህም» ብሎ መመለስ ስለማይችል መሳቢያው ሁሉ የሕዝብ ንብረት ይሆናል። በሕይወት ሳለ በሩን ሳያንኳኩ የማይገቡበት ሰው፣ ዓይኑን በጨፈነ በነጋታው ቤቱ የመንገደኛ መተላለፊያ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ክፉዎች አይደሉም። እንደ ትሬቨር ያሉ ትሑቶች ናቸው፤ ለዚህ ነው የባሰ የሚያናድዱት።

እውነቱን ሮይስ ያውቀዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1967፣ በየካቲት ወር፣ ወርክሾፑ ውስጥ ሞተሩን ሲሞክሩ ፍሪሲዮኑ ፈነዳ። በዚያ ዘመን የእሽቅድድም መኪና ፍሪሲዮኑ ያለው በነጂው እግሮች መካከል ነበር። የጥፍር ቁራጭ የምታክል ብረት ተፈናጥራ የኤልደንን ግራ ዓይን ወጋች። ሮይስ የፍሪሲዮኑ ሳህን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ጠዋት አይቶ ነበር፤ ይችላል ብሎ ገጠመው። የዓይኑ መልክ ሳይለወጥ ብርሃኑ ጠፋ።

ናዲን ዓይኑ መጥፋቱን ታውቃለች፤ ከእሷ ሊደበቅ አይችልም። ምክንያቱን ግን ኤልደን፣ ከብትም ያረባ ስለነበር፣ «የላሞቹ በረት ሽቦ ወጋኝ» ብሎ ነገራት።

«ፍሪሲዮኑ ነው ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ‹ማን ሠራው?› ነው» አለው ሮይስን። «አንተ ደግሞ ሰው ሲወቅስህ ትደባደባለህ። እስክሞትም ሆነ ከሞትኩ በኋላ የዓይኔን ነገር አታንሳ። የማንም ጉዳይ አይደለም።»

ከሌስተር ጋር የተወዳደሩት በዚያው ዓመት ነበር፤ ከውድድር በፊት ሐኪም የነጂዎችን ዓይን ይመረምር ነበር። ሮይስ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች በመስኮት ገልብጦ ለኤልደን አንድ ሳምንት አስጠናው። ሐኪሙ ቀኝ ዓይኑን አስሸፍኖ ሰሌዳውን ሊሰቅል ዞር ሲል፣ ኤልደን ከላይ እስከ ታች አንበለበለው። ሰሌዳው ገና የሐኪሙ ብብት ውስጥ ነበር።

«የእናንተ ነገር!» አለ ሐኪሙ፣ «የመነሻው መብራት ሳይበራ ነው የምትነሱት» ብሎ እየሳቀ ፈረመ። ቸኩሎ ከብብቱ ሥር ያነበበ መስሎታል።

ሮይስ ይህን ሲያስታውስ ሳቁ አመለጠው።

«ምን አሳቀህ?» አለ ሌስተር።

«ድንችህ። አገጭህ ላይ ነው።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሮይስ ሌስተርን ከጓሮው በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘው። ቁጣውን ሌሊቱን ሲያበስለው አድሯል።

«ሃምሳ ስድስት ዓመት ጮኸሃል፣ አንተ አውራ ዶሮ። ሰውየው ሳይቀበር እንኳ ማረፍ አቃተህ?»

ሌስተር አልተቆጣም። መዳፉን ከፍቶ አሳየው። «ያን ቀን የኤልደን ጎማ የኔን ሊነካ ይህን ያህል ነበር የቀረው። እኔ በግራው መስመር ነበርኩ፤ እየሳበ መጣብኝ። ኤልደን ፍሬተስ መስመር የሚስት ሰው ነው? ከዚያ የሞተሬን ድምፅ ሰማና እግሩን አነሳ። ከመኪናው ወርዶ ሊጨብጠኝ ሲመጣ በግራ በኩል የዘረጋሁለትን እጅ አላየውም። ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።»

ሮይስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለምን አልጠየቅከውም?»

«ካንዴላ ነዋ።»

ይህን ለሮይስ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ነጂ ካንዴላዎቹን አውልቆ ቀለማቸውን ያያል፤ የነዳጁ ቅመም ምስጢር ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ተፎካካሪ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። ሰርቆ ያየ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ አያገኝም። አገር የሚያውቃቸው ጠጪዎችና ተሳዳቢዎች ነበሩ፤ ይህችን ሕግ ግን አንዳቸውም አልጣሷትም።

«እንዴት እንደደረሰበት አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም» አለ ሌስተር። «ግን እኔ ስጮህ ሰው ስለኔ ነው የሚያወራው። ‹ይህ ጉረኛ!› ይላሉ፤ ስለ ኤልደን አይጠይቁም። ስለዚህ ጮህኩ።»

«ለእሱ ብለህ ብቻ ነው የጮህከው?»

«እሱማ... ጩኸቱንም ወድጄው ነበር።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሮይስ ሃምሳ ስድስት ዓመት የጠላውን ሰው ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። መያዣ ያጣ ጥላቻ እንዴት በቀላሉ እንደሚለቅ ገረመው።

«አሁን ግን ልጁ ፊልሙን አገኘ» አለ ሌስተር። «እየመራ እንደነበር አየ። የኔ ጩኸት ከእንግዲህ አይሠራም፣ ሮይስ። ነገ ኤልደን ፈሪ ተብሎ ነው የሚቀበረው።»



ዓርብ ጠዋት ሁሉም ጥቁር ለብሰው ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበዋል። ትሬቨር ስልኩን ይዞ ቆሟል። «ጽሑፉን ልለጥፈው ነው» አለ በትሕትና። «የሚያርመኝ ካለ...»

«አርመው» አለ ሮይስ። «ፍሪሲዮኑ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወርክሾፕ ውስጥ ኤልደን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፈንድቷል። ስንጥቁን አይቼ ነው የገጠምኩት። ኤልደን ለማንም አልተናገረብኝም። በውድድሩ ቀን መኪናው ወደ ሌስተር ሲስብ ሰው ከሚሞት ብሎ እግሩን አነሳ።»

ሐሰት የለበትም። የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው።

ሮይስ ማክኬልቪ ጥፋቱን ሲያምን በዚያ ቤት የሰማ ሰው የለም። «ፍሪሲዮንህ ላላ» ያለውን ሰው አንዴ ውኃ ገንዳ ውስጥ ጨምሮታል።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን አልነዳም?» አለ ትሬቨር።

«‹ካንተ ፍሪሲዮን ጋር ከመኖር ከላም ጋር መኖር ይሻላል› ብሎኛል። ቃል በቃል ጻፈው።»

«በስምዎ?»

«በማን ስም ልትጽፈው ነበር?»

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ ሌስተር ጮክ ብሎ። «እንኳን ፍሪሲዮን፣ የጓሮ በር አትገጥምም ነበር።» ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ትሬቨርም እየሳቀ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ይጽፍ ጀመር።

ሮይስ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ናዲን የአሳማ ሥጋ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። የባልዋ ዓይን የጠፋው በዚያው የካቲት መሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ትሪውን እዚያ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ አስቀመጠችው። በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጣችና በተቀመጠው ሮይስ ፊት ቆመች። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ያደፈ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቀች፤ በጥቁር ቀሚሷ ጫፍ አንዱን መስታወት፣ ከዚያም ሌላውን ሳትቸኩል ወለወለች፤ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ መልሳም ከጆሮዎቹ ኋላ አስተካክላ አጠለቀችለት።