የቤት ቁጥር

የትሕትና የሙከራ ጊዜ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆና ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ቀመሪያ ነገር ማብዛት አይወዱም፤ "ነርሶቼ የታማሚውን አድራሻ ስልካቸው ላይ ካዩ ትቀጠሪያለሽ፤ ካላዩ በሰላም እንለያያለን" ብለዋት እርፍ።

ሲያወሩት ቀላል ነው። የታማሚዎቹ መረጃ በተከማቸበት ዳታቤዝ ውስጥ የድርጅቱ ነባር ባለሙያ አቶ ግዛው የጻፉት ፕሮሲጀር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የታማሚውን መለያ ሲሰጡት አድራሻውን ይመልሳል። ጣጣው የሚመልሰው ተራ ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። አቶ ግዛው "አድራሻ" የሚል የራሳቸውን የመረጃ ዓይነት ፈጥረው፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩንና ልዩ ቦታውን በአንድ ጥቅል ነው የሚያስረክቡት። ትሕትና በጃቫ ቋንቋ የጻፈችው ፕሮግራም ደግሞ ይህን ጥቅል መፍታት አያውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማይነበብ ኮተት ሲያወጣባት ከረመ።

ዛሬ ጠዋት ግን ገባት። ለጥቅሉ የሚሆን ክላስ፣ ማለትም ይዘቱን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ኮድ ጻፈች፤ ያ ጥቅል ሲመጣ በዚህ ክላስ ፍታው ብላ አስመዘገበች፤ ነገሮቹን በታሰሩበት ቅደም ተከተል እንዲያነብ አደረገች። "ነፋስ ስልክ ላፍቶ" የሚለው አምሮ ወጣ። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት ወንበሯን አንድ ዙር አሽከረከረችው።

ከዚያ የሁሉንም ታማሚዎች አድራሻ ጠራች። ዘጠነኛው ላይ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። የድሮ ሰፈር ሰዎች ደህና ይወጣሉ፤ የሀና ማርያሞቹ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

"ጋሽ ግዛው፣ ፕሮሲጀርዎ ሀና ማርያምን አይወድም እንዴ?"

አቶ ግዛው በመነጽራቸው አናት አዩዋት። በሥራቸው ሲመጡባቸው ደስ አይላቸውም። "የኔ ፕሮሲጀር ያስገቡትን ነው የሚመልሰው። ለመሆኑ አንቺ ሰፈርሽ የት ነው?"

"እዚያው፣ ሀና ማርያም።"

"እስቲ መታወቂያሽን አውጪ።"

ምን አገናኘው እያለች ከቦርሳዋ አወጣችው። ልትሰጣቸው ስትል ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። የቤት ቁጥር፦ አዲስ።

ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ለቤቱ ቁጥር እስኪሰጥ ወረዳው "አዲስ" ብሎ ይጽፋል፤ የእነ ትሕትና ቤት ከተሠራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አዲስ ነው። እሷ ደግሞ ክላሷ ላይ የቤት ቁጥር ማለት ቁጥር ብቻ ነው ብላ ደንግጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅጹ የሞላችውን ቃል ኮድ ስትጽፍ ረሳችው። አፈረች፤ ደስታዋ ግን ከእፍረቷ በለጠ። ቁጥር የሚለውን ወደ ጽሑፍ ለወጠችው፤ የሀና ማርያም ሰዎች ተግተልትለው ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሲስተር ቀመሪያ ገቡ። "ትናንት ነርሷ ፈልጋ ያጣቻቸውን እናት አውጪልኝ።"

የቤት ቁጥር፦ አዲስ። ልዩ ቦታ፦ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ሲስተር ቀመሪያ ሁለቴ አነበቡት፤ ነርሷን ወዲያው ላኳት። ትሕትና ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። "ሰማያዊው በር ላይ ነኝ፤ እየከፈቱልኝ ነው" አለች ነርሷ።

ሲስተር ቀመሪያ ከያዙት ፋይል ውስጥ የቅጥር ቅጽ አውጥተው አቀበሏት። ትሕትና ስሟን ጻፈች፤ ወረዳዋን ጻፈች። አቶ ግዛው ከጀርባዋ መጥተው ቆሙ።

"የቤት ቁጥሩ ላይ እንዳትሳሳቺ" አሏት።

እየሳቀች ጎላ አድርጋ "አዲስ" ብላ ጻፈች።