ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒውተር

ባለቤቴ አቶ ዳኜ ሰው ቶሎ አያምኑም። ማሽን ግን ያምናሉ። የዚያ ቅዳሜ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

የ2008 መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጃችን እፀገነት ከደብረ ብርሃን መጣች፤ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ነው የምትማረው። ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ላፕቶፕ እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልላዋለች። መንገድ ላይ ወድቃ ቢሆንስ ብዬ ጉልበቷን ስፈትሽ እሷ ስለ ኮምፒውተሩ ታወራለች። ውስጡ የቤት ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም አለው። የቁጠባ ቤቱን ዝርዝር ሲያጎርሱት ገቢና ወጪውን ራሱ ይለያል። እሷም በቀየት ከተማ በኩል ስታልፍ ከቁጠባ ቤታችን የ2007ን ዝርዝር በፍላሽ አስገልብጣ ነበር።

አስገባችው። አቶ ዳኜ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይኸው አባባ፣ ያለዎት ስድስት መቶ አርባ ብር ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«የበጎቹ ሃያ አንድ ሺህስ?»

ሁላችንም ወደ ምንተስኖት ዞርን። ምንተስኖት የእፀገነት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኛው ዘንድ ነው ያደገው። ለዘመን መለወጫ ገበያ ዐሥራ አራት በግ ነድቶ ቀየት የሸጠው እሱ ነው። በብሩ የሣር ጣሪያችንን አውርደን ቆርቆሮ ልንመታ ነበር።

«ያኔውኑ አስገብቻለሁ አባባ» አለ።

«ደረሰኙን አምጣ።»

«ጠፋብኝ።»

ይህን ሲል መሬት መሬት አየ። እኔም መሬቱን አየሁ። ደረሰኙ አልጠፋም። ከነጃኬቱ በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ከኪሱ ሲወጣ የገንፎ ጓል ይመስል ነበር። ምንተስኖት ያን ጊዜ «ዝም ይበሉ እማማ፣ ማን ይጠይቀኛል» ብሎኝ ነበር። ይኸው ተጠየቀ። እኔም ፈሪዋ ዝም አልኩ። የቁጠባ ደብተሩም ሞልቶ፣ አዲስ እስኪሰጡን ቁጠባ ቤቱ ዘንድ ቀርቷል።

«ሰኞ ሄደን ቁጠባ ቤቱን ብንጠይቅስ?» አልኩ።

«ማሽኑ ተናግሮ የለ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ፊት ቆሞ ይማልልኝ።»

እኔን የእውነት መሐላም ያስፈራኛል። ሰው በልጁ ላይ እንዴት መሐላ ይጠራል? ደግሞስ አገሩ ሁሉ ቆሞ እያየው! ማን ልጁን ይድርለታል?

«ቆይ እስቲ፣ እንደገና ላስገባው» አለች እፀገነት፤ ነካካችው። «አሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ።»

«የማን ብር ነው የመጣብን?» ብዬ ጮህኩ። «መልሺው! እንታሰራለን!»

«የማንም አይደለም እማማ፤ ደግሜ ስላስገባሁት ሁለቴ ቆጥሮት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሠላሳ ጊዜ አስገቢውና እኔም ነጻ ልውጣ» አለ ምንተስኖት። አያቱ አልሳቁም።

«ባትሪውም እያለቀ ነው» እያለች ድጋሚውን ሰረዘችው። እኔ ግን ዓይኔ ከግርጌው አልነቀል አለ፤ እዚያ አንዲት ቀይ ጽሑፍ አለች። ቀይ ነገር ሳይ አያስችለኝም።

«ይህቺስ ምንድን ናት?»

«እሷን ይተዉዋት። ሁለት መስመር አልተነበበም ነው የምትለው።»

«ለምን አልተነበበም? ክፈቻታ! ባትሪውም እያለቀ ነው አላልሽም?»

እየተነጫነጨች ከፈተችው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ቁጥር አይጠፋኝም። አንደኛው መስመር 30/2/2007 ይላል። ሁለተኛው 3/13/2007፣ ገቢ 21,000።

«ዐሥራ ሦስተኛ ወር... ጳጉሜ ናታ!»

እፀገነት ግንባሯን መታች። «ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው! ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ሁለተኛው ወራቸውም ሠላሳ ቀን ስለሌለው ጥቅምት ሠላሳንም ጥሎታል።»

«ምስኪን» አልኩ። ስንት ዓመት ጳጉሜን ሳያይ ኖረ?

ቀኖቹን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ቀይራ አስገባች። ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ! እልል ልል አፌን ስከፍት አቶ ዳኜ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ።

«8/9/2015? ግንቦት ስምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት? ገና ሰባት ዓመት ከምናምን ይቀረዋል! ይሄ ልጅ ብሩን መቼም አላስገባም!»

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነው አባባ!»

«ፈረንጅ የእኔን በግ መቼ ገዛ?»

ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እፀገነት ተቻኩላ ከመስመሩ ጎን በአማርኛ ጻፈች፤ «ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ የዐሥራ አራት በግ ሽያጭ»። አቶ ዳኜ ቃል በቃል አነበቡት። የሩፋኤል ለት ዝናቡን ጸበል ነው ብለው ውጪ ቆመው፣ ምንተስኖት ከገበያ ሲመለስ እሳቸውም እሱም ውኃ ያንጠባጥቡ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሩፋኤልማ... ያን ለት ነው የተሸጠው።»

«ይቺኛዋስ?» አልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። «ጥቅምት ሠላሳ፣ ወጪ፣ ሁለት መቶ ብር። ማን አወጣት?»

አቶ ዳኜ ጣሪያውን አዩ። «ለ... ማኅበር መሰለኝ።»

«ማኅበሩ ምን ገዛበት? ነገ ቄሱ ፊት ይነግሩኛል?»

ምንተስኖት አፉን በጋቢው ሸፈነ። በዚያው ሳቅ መሐል እኔም ድፍረት አገኘሁና የጃኬቱን ነገር አፈረጥኩት።

አቶ ዳኜ አንድ በአንድ አዩን። «እንግዲህ በዚህ ቤት የማይምል ሊጠፋ ነው» አሉ። «ቄሱን አናድክማቸው።»

ላፕቶፑም ባትሪው አልቆ ያኔውኑ ጠፋ።

ሰኞ ሁለቱ ወንዶች አብረው ቀየት ወረዱ፤ ከነአዲሱ ደብተርና ከነቆርቆሮው ደረሰኝ ተመለሱ። ደረሰኙን አቶ ዳኜ ለማንም አልሰጡም፤ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ካፖርቱ በጣም ቆሽሿል። እኔ ግን እጄን አላስጠጋም።